የዋርካ ሜዳ ብቸኛ ጠብመንጃ

«በሕግ አምላክ» ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል ይሉ ነበር አባቶቻችን። ያ ውሃ ዛሬ የት እንደገባ አይታወቅም፤ ሰውም ቢሆን «በሕግ አምላክ» ሲሉት ማን እንደተናገረው ዞር ብሎ አይቶ መንገዱን ይቀጥላል። ይሁን እንጂ አገር ያለ ደግ ሰው አትቀርምና፣ ከጅጋ ገበያ ወጣ ብላ በምትገኘው በዋርካ ሜዳ ቀበሌ ሕግ ሲባል ቀጥ ብሎ የሚቆም አንድ ሰው ነበር። ስሙ ንብረት ቢሆነኝ ይባላል። ይህ ታሪክ ለእሱ ክብር ሲባል የሚነገር ነው፤ ሌላው ክብር ሁሉ ቀርቶበታልና።

ነገሩ የተጀመረው በስብሰባ ነው። በአገራችን ትልቅ ነገር ሁሉ በስብሰባ ይጀመራል፤ አብዛኛውም እዚያው ያልቃል። ከከተማ የመጡት ኃላፊ አቶ ክንፈሚካኤል ከዋርካው ሥር ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉና እንዲህ አሉ፦ «ማንኛውም መሣሪያ ያለው አርሶ አደር መሣሪያውን ያስመዝግብ። ላስመዘገበ ዜጋ ፈቃድ ይሰጠዋል፤ ጥይቱንም ከመንግሥት መጋዘን በሕጋዊ መንገድ ይገዛል። ያላስመዘገበ ግን...»

ያላስመዘገበው ምን እንደሚሆን ማንም አልሰማም፤ ጭብጨባው ዋጠው። የዋርካ ሜዳ ሰው ለማጨብጨብ ሁለት እጁ ነፃ መሆን ስላለበት ጠብመንጃውን ከጉልበቱ መካከል አቁሞ ነበር። አቶ ክንፈሚካኤል ያን ሁሉ ወደ ሰማይ የቀና አፈሙዝ በኩራት ቃኙትና ጠየቁ።

«ለመሆኑ በቀበሌያችሁ መሣሪያ አለ?»

«የለም» አለ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ።

ኃላፊው ረክተው ጻፉ። ሕዝቡም እንደገና አጨበጨበ። በዚያ ቀን ሁሉም ሰው አጨበጨበ፤ ንብረት ግን አመነ። የመከራው ሁሉ ምንጭ ይኸው ነው።

ለማመን ደግሞ ምክንያት ነበረው። አባቱ አያ ቢሆነኝ ከጥምቀት ወዲህ ከመደብ አልተነሡም። ከራስጌያቸው ግድግዳው ላይ አሮጌ ምንሽራቸው ተሰቅሏል። በዚያ አገር የተከበረ ሰው ሲሞት አስከሬኑ ከቤት ሲወጣ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ሲደርስና ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ በገዛ ጠብመንጃው ይተኮስለታል። በጎረቤት ጠብመንጃ መሸኘት በተውሶ ከፈን ከመገነዝ ብዙም አይለይም። የአያ ቢሆነኝ ምንሽር ግን ጥይት አልነበረውም፤ የመጨረሻይቱ በንብረት ሠርግ ቀን ወደ ሰማይ ሄዳ በዚያው ቀርታለች።

«ስማ ልጄ» አሉት አንድ ቀን። «ስሞት በራሴ ምንሽር ሦስት ጊዜ ይተኮስልኝ። የሰው ጠብመንጃ እንዳታስጮኹብኝ። በሰው እህል ያልኖርሁ በሰው ጥይት አልሸኝም።»

«እሽ አባየ።»

ጎረቤቱ አሸናፊ ይህን ሲሰማ ነገሩ በጣም ቀላል ሆኖ ታየው።

«ቅዳሜ ጅጋ ገበያ ሂድ። ከጥግ በርበሬ የምትሸጥ ሴትዮ አለች። ከበርበሬው ሥር እጅህን አግባ፤ የምንሽርም የክላሽም ታገኛለህ።»

«ሕግ አለ እኮ አሸናፊ።»

«ሕግማ አለ። ማን የለም አለ? እኔ በርበሬዋም አለች ነው ያልሁት።»

ሚስቱ ንግሥቴም ከጓዳ ሆና የበኩሏን ጨመረች። «ንብረት፣ መንግሥት ራሱ ባላስታወሰው ነገር መንግሥትን አታስቸግረው።»

ንብረት ሁለቱንም አልሰማቸውም። በማግሥቱ ንጹሕ ጋቢውን ለብሶ ወደ ከተማ ወረደ።

ጽሕፈት ቤቱን በስሙ አልጠራውም፤ ፈርቼ ሳይሆን ስሙ በየዓመቱ ስለሚቀየር ነው። ከተማይቱንም አልናገርም፤ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ አስፋልት ዳር ያሉት ሁሉ «የእኛ ነው፣ የእኛ ነው» እያሉ እንዳይጣሉበት። አቶ ክንፈሚካኤል ፎቅ ላይ፣ መንገዱን በሚያየው ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ነበር።

«ምን ነበር?»

«ጠብመንጃ ላስመዘግብ ነው የመጣሁ ጌታዬ።»

አቶ ክንፈሚካኤል ደነገጡ። በዚህ ወንበር ከተቀመጡ ጀምሮ እንዲህ ያለ ሰው ገጥሟቸው አያውቅም።

«ማን ነው የላከዎት?»

«እርስዎ ነዎት። በስብሰባው ላይ ተናግረዋል።»

«ልክ ነው፣ ተናግሬያለሁ» አሉ፤ ግን ፊታቸው ላይ የጸጸት ጥላ አለፈ። «ጠብመንጃው የታለ?»

«ከቤት ነው።»

«ሳላየው እንዴት እመዘግባለሁ? ያምጡት እንጂ።»

«ያለ ፈቃድ ይዤው ስመጣ መንገድ ላይ ብያዝስ?»

«ያለ ፈቃድ ይዞ መንቀሳቀስማ ክልክል ነው።»

«ታዲያ እንዴት ላምጣው?»

«በጥንቃቄ» አሉ አቶ ክንፈሚካኤል።

ንብረት ሕግ ለማክበር ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቱ ኮንትሮባንድ ጫነ። ምንሽሩን በሸንኮራ አገዳ መካከል አስሮ ሚኒባስ ላይ አስጫነው። ረዳቱ ሲያነሣው «አባት፣ ይኼ ሸንኮራ የምን ዘር ነው እንዲህ የሚከብድ?» ብሎ ጠየቀ። ንብረት መዋሸት ስለማይወድ «የአባቴ ነው» ብቻ አለ።

ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ደግሞ ጥበቃው አገደው።

«መሣሪያ ይዞ መግባት ክልክል ነው።»

«ላስመዘግበው ነው የመጣሁ።»

«ተመዝግቦ ከሆነ ይግባ።»

«ካልገባ እንዴት ይመዘገባል?»

ጥበቃው ክፉ ሰው አልነበረም። ነገሩን አሰበበት፣ ቆቡን አውልቆ ራሱን አከከ፣ ከዚያም መንግሥታዊ መፍትሔ አገኘ። ንብረት ባዶ እጁን ወደ ላይ ወጣ፤ ጥበቃው ምንሽሩን ይዞ ከአጥሩ ውጭ መንገድ ላይ ቆመ፤ አቶ ክንፈሚካኤል መስኮታቸውን ከፈቱ። ጥበቃው ጠብመንጃውን ወደ መስኮቱ ቀና አድርጎ ሲያሳይ መንገደኛው ሁሉ አስፋልቱ ላይ ተኛ፤ አንድ ሙዝ ሻጭ ጋሪውን ትቶ ሮጠ።

«ቀኝ ጎኑን!» አሉ ኃላፊው ከላይ።

ጥበቃው አገላበጠው።

«ታይቷል» አሉ፤ መስኮቱንም ዘጉ። «ቁጥሩ ስንት ነው?»

«ቁጥሩ ጠፍቷል ጌታዬ። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲወለውሉት ከላዩ ለቀቀ።»

«ቁጥር የሌለው ጠብመንጃ በሕግ ዓይን ጠብመንጃ አይደለም።»

«እንግዲያው ይዤው ወደ ቤቴ ልሂድ።»

«ቁጥር የሌለው ጠብመንጃ ይዘውማ መሄድ አይችሉም፤ ወንጀል ነው።»

«ጠብመንጃ ካልሆነ ወንጀሉ ምኑ ላይ ነው?»

«ይህ ጥያቄ ከእኔ በላይ ነው» አሉ አቶ ክንፈሚካኤል። ከእሳቸው በላይ ያለው ግን ጣሪያው ብቻ ነበር።

ብዙ ከተመላለሰ በኋላ ጽሕፈት ቤቱ አዲስ ቁጥር ሊሰጠው ወሰነ። ከዋርካ ሜዳ ሌላ የተመዘገበ ጠብመንጃ ስለሌለ የምንሽሩ ቁጥር «አንድ» ሆነ። ጥበቃው የአጥሩን በር ከቀባበት የተረፈውን ነጭ ቀለም አምጥቶ ሰደፉ ላይ «፩» ብሎ ጻፈበት። ንብረት በደስታ ሊያለቅስ ደረሰ። በሰፊው ቀበሌ ውስጥ መንግሥት የሚያውቀው ጠብመንጃ የእሱ ብቻ ነው። ይህ ትልቅ ነገር መሰለው፤ በእርግጥም ትልቅ ነገር ነበር፤ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ በኋላ ይታያል።

ጥይቱ ቀረ።

«ጥይቱ ለምን ዓላማ ነው?» ሲሉ ጠየቁ አቶ ክንፈሚካኤል።

«ለአባቴ ቀብር።»

«ነፍስ ይማር። መቼ ነው ያረፉት?»

«አላረፉም ጌታዬ።»

«ካላረፉ ቀብር የለም፤ ቀብር ከሌለ ዓላማ የለም። ሲያርፉ ይምጡና ያመልክቱ፤ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ መልስ እንሰጣለን።»

«በእኛ አገር ሰው በሞተበት ቀን ነው የሚቀበር።»

«ይህ የአሠራር ክፍተት ነው» አሉ ኃላፊው አዝነው። «ኅብረተሰቡ ቀብር ላይ ትንሽ ይቸኩላል።»

ንብረት ይህን ሄዶ ለአባቱ ነገራቸው። አያ ቢሆነኝ ሰምተው ሲያበቁ ለወራት ያልተነሡበትን መደብ ትተው ተነሡ። «በቅሎዋን ጫንልኝ» አሉ። እስከ ጅጋ በበቅሎ፣ ከጅጋ በሚኒባስ ሄደው ፎቁን በልጃቸው ትከሻ ወጡት።

«ሟቹ እኔ ነኝ» አሉ በሩ ላይ እንደቆሙ።

አቶ ክንፈሚካኤል የሽማግሌ ክብር የሚያውቁ ሰው ስለሆኑ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ይቀመጡ አባቴ። መቼ ነበር ለመሞት ያሰቡት?»

«እኔማ ተሰናድቻለሁ። እናንተ ናችሁ ያቆያችሁኝ።»

«ሰኔ ላይ ብቻ አይሁንብን። ሰኔ ዓመታዊ ሪፖርት የምንዘጋበት ነው።»

«ሰኔ ላይማ ማን ይሞታል? ሰዉ እርሻ ላይ ነው፤ ቀባሪ አይገኝም።»

«እንግዲያው ከመከር በኋላ እንበለው?»

«እግዜር ከፈቀደ።»

«የእግዜር ፈቃድ በእኛ ጽሕፈት ቤት በኩል አያልፍም አባቴ። እኛ የጥይቱን ብቻ ነው የምንሰጥ።»

እንዲህ ተባብለው ተስማሙ። አቶ ንብረት ቢሆነኝ ለወላጅ አባታቸው ቀብር ማስፈጸሚያ የሚውል ሦስት ጥይት ከመንግሥት መጋዘን እንዲገዙ ተፈቀደ። አያ ቢሆነኝ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አስነበቡት። የገዛ ቀብራቸው በማኅተም ሲጸድቅ ማየት ለሁሉም ሽማግሌ የሚገጥም ዕድል አይደለም።

መጋዘን ጠባቂው ግን ፈቃዱን አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«የምንሽር ጥይት የለንም። የክላሽ ነው ያለው።»

«የክላሽ ጥይት ምንሽር ውስጥ ይገባል?»

«አይገባም። ፈቃዱ ላይ ግን የምን ጥይት እንደሆነ ስላልተጻፈ መውሰድ ይችላሉ።»

ንብረት አልወሰደም። አባትና ልጅ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ነገሩ እንዲህ ነበር፦ ንብረት ፈቃድ አለው፣ ጥይት የለውም፤ አሸናፊ ጥይት አለው፣ ፈቃድ የለውም። ሕጉ በሁለቱ መካከል በሰላም ይኖራል።

«አይዞህ ልጄ» አሉት አያ ቢሆነኝ በቅሎዋ ላይ ሆነው። «ጥይቱ እስኪመጣ እኔም ትንሽ እቆያለሁ።»

እውነትም ቆዩ። ሰኔን አለፉት፤ ክረምቱን አለፉት፤ ንብረት በየገበያው ቀን መጋዘኑን እየጠየቀ ባዶ እጁን ይመለስ ነበር። ጤፉ ተወቅቶ ጎተራ በገባበት ሰሞን አንድ ማለዳ ዐረፉ። በተስማሙት መሠረት፣ ከመከር በኋላ። ጽሕፈት ቤቱ ቃሉን ባይጠብቅም እሳቸው ጠበቁ።

አስከሬኑ ከቤት ሊወጣ ሲል አሸናፊ ወደ ንብረት ተጠጋና ከጋቢው ሥር እጁን ያዘው። ሦስት የምንሽር ጥይቶች መዳፉ ላይ አኖረለት፤ በርበሬ በርበሬ ይሸታሉ።

«ንሳ፣ የእኔን እዝን ተቀበል።»

ንብረት ጥይቶቹን አያቸው። ፈቃዱ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ «ከመንግሥት መጋዘን» የሚለው ቃል ጋቢውን አልፎ እስከ ቆዳው ድረስ የተሰማው መሰለው። ንግሥቴ ከለቀስተኛው መካከል ቀና ብላ ተመለከተችው። ሁሉም ሰው ይጠብቀዋል።

«ፈቃዱ ከመጋዘን ነው የሚል» አለ በቀጭን ድምፅ፤ ጥይቶቹንም መለሰለት።

አሸናፊ ጥይቶቹን ኪሱ ከተተ። ዞር ብሎ የራሱን ክላሽ ወደ ሰማይ አነሣ፤ እሱ ሲጀምር ዋርካ ሜዳ በሙሉ ተከተለው። አያ ቢሆነኝ ከቤት ሲወጡ ተተኮሰ፣ ቅጽሩ ሲደርሱ ተተኮሰ፣ ሲወርዱ ሰማዩ ተቀደደ። ወፍ ሁሉ ከዛፉ ጠፋ። ካህናቱ ፍትሐቱን አቋርጠው ቆመው ጠበቁ። በዚያ ሁሉ ተኩስ መካከል ዝም ያለው ጠብመንጃ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ሕጋዊው። ንብረት ሰደፉን አቅፎ አለቀሰ። ያለቀሰው ለአባቱ ብቻ አልነበረም፤ አባቱን በሰው ጥይት የሸኘ ሰው ስለሆነ አፈረ፣ ራሱንም ጠላው።

ሣልስቱ ሳይደርስ ከከተማ ጥሪ መጣለት። በቀብሩ ላይ መተኮሱን ለጽሕፈት ቤቱ ደውሎ የተናገረው የቀበሌው ሊቀ መንበር ነበር፤ የደወለውም የራሱን የክላሽ ካዝና ተኩሶ ከጨረሰ በኋላ ነው።

አቶ ክንፈሚካኤል በቁጣ ጠበቁት።

«የተፈቀደልዎ ሦስት ነው። የተተኮሰው ከመቶ በላይ ነው። ምን ይላሉ?»

«እኔ አልተኮስሁም ጌታዬ።»

«በዋርካ ሜዳ ስንት ጠብመንጃ አለ?»

«እ... የተመዘገበው?»

«ያለው!»

«በእናንተ በኩል አንድ ነው።»

«ስለዚህ የተኮሰው ማን ነው?» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ይመልከቱ አቶ ንብረት፤ ወይ የተኮሱት እርስዎ ነዎት፣ ወይ በቀበሌው ሌላ መሣሪያ አለ። ሌላ መሣሪያ አለ ከተባለ ደግሞ የዓመቱ ሪፖርት ሐሰት ሊሆን ነው። ሪፖርቱ ሐሰት ነው እያሉኝ ነው?»

ንብረት አፉን ከፈተ። ያ ጠብመንጃ ከሠርጌ ቀን ወዲህ ድምፁ አልተሰማም ሊል ነበር። ይህን ካለ አሸናፊን ሊጠሩበት ነው፤ ሊቀ መንበሩን ሊጠሩበት ነው፤ አባቱን ሊሸኝ የመጣውን ሰው ሁሉ አሳልፎ ሊሰጥ ነው። ከዚያ አንድ ሌላ ነገር መጣለት። የአባቱ ድምፅ ታወሰው፤ በራሴ ምንሽር ያሉት። ያልጠበቀው ደስታ ተሰማው።

«ይጻፉልኝ ጌታዬ» አለ።

«ምን ብዬ?»

«በአያ ቢሆነኝ ቀብር ቀን፣ በአያ ቢሆነኝ በራሳቸው ምንሽር፣ ያ ሁሉ ጥይት ተተኮሰ ብለው ይጻፉ። ከሌላ ሰው ጠብመንጃ አንዲትም አልተተኮሰችም ብለው ይጨምሩበት።»

«ያምናሉ?»

«አምናለሁ።»

በሕይወቱ የዋሸው የመጀመሪያው ውሸት ነበር፤ ጽሕፈት ቤቱም ከአፉ ያለ ጥያቄ የተቀበለው የመጀመሪያው ቃል። ተጻፈ፤ ታተመ። ጠብመንጃ ቁጥር አንድም ከተፈቀደው በላይ በመተኮሱ ተወርሶ መጋዘን ገባ።

ንግሥቴ ባዶ ትከሻውን ስታይ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አለች። ከዚያ አዘነችለትና ውሃ አሙቃ እግሩን አጠበችው።

የተዝካሩ ድግስ ሲዘጋጅ አሸናፊ ከጅጋ ገበያ ተመልሶ በቀጥታ ወደ ንብረት ቤት መጣ።

«ንብረት፣ በርበሬዋ ዘንድ ዛሬ አንድ ምንሽር አይቼ መጣሁ።»

«እኔን ምን አገባኝ?»

«ሰደፉ ላይ ነጭ ቀለም አለው።»

ንብረት ጋቢውን አንሥቶ ወጣ። ሴትዮዋ ማመልከቻ አልጠየቀችውም። ዓላማውን አልጠየቀችውም። መስኮት አልከፈተችም። ምንሽሩን ሸጠችለት፤ ለተዝካር መሆኑን ስትሰማ ሦስት ጥይት በምርቃት ጨመረችለት፤ «ነፍስ ይማር» አለችው፤ ለሌላ ጊዜ ቢያስፈልገው የመጋዘኑ ዕቃ ወደ እሷ የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ እንደሆነ ነገረችው። በአርባኛው ቀን የአያ ቢሆነኝ ምንሽር ሦስት ጊዜ ተኮሰ። ንብረት እንደዚያን ቀን ቀና ብሎ ቆሞ አያውቅም።

ብዙም ሳይቆይ አቶ ክንፈሚካኤል ከዋርካው ሥር እንደገና ቆሙ። ዋርካ ሜዳ የነበራት ብቸኛ ጠብመንጃ በመወረሱ በአካባቢው የመጀመሪያዋ ከመሣሪያ ነፃ የሆነች ቀበሌ ተብላ የምስክር ወረቀት ልትቀበል ነው። ኃላፊው ስለ ሰላም፣ ስለ ልማትና ስለ ሕግ የበላይነት ተናገሩ። በንግግራቸው መካከል ዓይናቸው ከፊተኛው ረድፍ ላይ አረፈ፤ ከአንድ ሰው ጉልበት መካከል ከቆመ፣ ነጭ «፩» ካለበት ሰደፍ ላይ።

«አቶ ንብረት፣ ያ ያቆሙት ነገር ምንድን ነው?»

«አልተመዘገበም ጌታዬ።»

አቶ ክንፈሚካኤል ፊታቸው በራ። «እንግዲያው የለም» አሉና ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ለመሆኑ በቀበሌያችሁ መሣሪያ አለ?»

«የለም!» አለ ሕዝቡ፤ ከሁሉም ጎልቶ የተሰማው የንብረት ድምፅ ነበር። ከዚያም ምንሽሩን በጉልበቱ ጠበቅ አድርጎ ይዞ እንደ ሰዉ አጨበጨበ።